የእንጨት ግድግዳን ጂፕሰም ቦርድ ከማልበስ በፊት

የአክስቴ ልጅ ከግንደወይን ሲደውልልኝ ጉዳዩ አብዛኛውን ጊዜ የሕግ ነው፤ የውክልና ወረቀት፣ የድንበር ክርክር፣ የውርስ ነገር። ባለፈው ጥቅምት የደወለው ግን ስለ ግድግዳ ነበር። «ጋሼ፣ የአባባን ሳሎን ጂብሰም ላለብሰው ነው። ጥር ላይ የልጄ ሠርግ ስላለ እንግዳ ሳይመጣ ማለቅ አለበት። ስንት ቦርድ ይበቃኛል?» አለኝ።

የቦርዱን ቁጥር ማስላት ቀላል ነው። ሳሎኑ 5 ሜትር በ4 ሜትር፣ ቁመቱ 2.60 ነው። ዙሪያው 18 ሜትር ስለሆነ በቁመቱ ሲባዛ 46.8 ካሬ ሜትር ይመጣል። ለበርና ለመስኮት 6 ካሬ ሲቀነስ 41 ያህል ይቀራል። በገበያ የተለመደው ቦርድ 1.20 በ2.40 ሲሆን አንዱ 2.88 ካሬ ይሸፍናል፤ ስለዚህ 14 ከሩብ ገደማ ያስፈልጋል። ለቁርጥራጭና ለስብራት አሥር በመቶ ሲጨመር 16 ይሆናል። ግድግዳው ከቦርዱ በ20 ሳንቲ ሜትር ስለሚበልጥ ከላይ የሚቀጠልም አለና 18 ቢገዛ አይከፋም። ይህን ነገርኩትና ስልኩን ከመዝጋቱ በፊት አንድ ጥያቄ ጠየቅሁት፦ ቦርዱ የሚያርፈው ከምን ግድግዳ ላይ ነው?

ጥያቄው ተራ ቢመስልም መልሱ ተራ አልነበረም። ግንደወይን የምሥራቅ ጎጃም ዞን፣ የጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አልፎ ወደ ሞጣ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ትገኛለች። እንደ ብዙዎቹ የደጋ ከተሞቻችን የቆዩት ቤቶቿ ግድግዳ ቋሚና ማገር ሆኖ በጤፍ ጭድ በተቦካ ጭቃ የተመረገ ነው። የአክስቴ ቤትም እንዲሁ ነው። ነገር ግን ባለቤቷ በ1960ዎቹ ትንሽ ገንዘብ ሲይዙ ሳሎኑን ከውስጥ በኩል በጣውላ አስለበጡት። ልጆች ሲበዙ የጓዳ ክፍሎቹ በቺፑድ ተከፈሉ። የወጥ ቤቱ ግድግዳ እስከ ዛሬ ድረስ ምርጊት ነው። በአንድ ቤት ውስጥ ሦስት ዓይነት ግድግዳ አለ ማለት ነው፤ ሦስቱም «የእንጨት ግድግዳ» ይባላሉ፣ የሚገባቸው እንክብካቤ ግን ለየቅል ነው።

ግድግዳን ከውስጥ የመሸፈን ልማድ በጂፕሰም አልተጀመረም። በልጅነቱ በጋዜጣ በተለጠፈ ግድግዳ ሥር ተኝቶ ያላደገ የእኔ ዘመን ሰው ጥቂት ነው። ፊደል የቆጠርነው ከራስጌያችን በተለጠፈ አርእስተ ዜና ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። (ይህ ጽሑፍ በኢንተርኔት የሚወጣ በመሆኑ ለዚያ አገልግሎት አይውልም።) ከጋዜጣው ቀጥሎ የአቡጀዲ ኮርኒስ፣ ከእሱም ቀጥሎ ኮምፔርሳቶና ቺፑድ መጡ።

ሕጉም የበኩሉን አድርጓል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ሲያደርግ፣ አነስተኛ ኪራይ ያላቸው ቤቶች በቀበሌ ሥር ገቡ። የቀበሌ ቤት ተከራይ ቤቱን አፍርሶ መሥራት አይችልም፤ ቋሚ ለመለወጥም ፈቃድ ይፈልጋል። ከውስጥ ሸራ ቢወጥር ወይም ቺፑድ ቢመታ ግን ተቆጣጣሪ አይኖረውም። በዚህ የተነሣ ሁለት ትውልድ ሙሉ የሚፈርሰውን ግድግዳ ከመጠገን ይልቅ ከዓይን መሰወርን ለመደ። የራሱ ቤት ያለው ሰው ሳይቀር ይህን ልማድ ወርሷል።

ጂፕሰም ቦርድ ምን ያህል ከዓይን እንደሚሰውር ለመረዳት ከምን እንደተሠራ ማወቅ ይጠቅማል። ጂፕሰም ድንጋይ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚሄድ ሰው ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ የሚያልፍበት የድንጋይ ንጣፍ አንዱ ጂፕሰም ያለበት ነው፤ የሥነ ምድር ባለሙያዎችም ንጣፉን በከተማዋ ስም ይጠሩታል። ድንጋዩ ተፈጭቶ እስከ 150 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሞቅ በውስጡ ካለው ውኃ አብዛኛውን ይለቅና እኛ ከጣሊያኖች በወረስነው ስም ጀሶ የምንለው ዱቄት ይሆናል። ዱቄቱ በውኃ ሲቦካ መልሶ ይጠነክራል። በሁለት ወፍራም ወረቀቶች መካከል ሲፈስና ሲደርቅ ደግሞ ቦርድ ይሆናል። የዚህ ዓይነት ቦርድ አባት የሚባለው አሜሪካዊው ኦገስቲን ሳኬት የፈጠራ መብቱን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው፤ አድዋ ሊዘመት ሁለት ዓመት ሲቀረው ማለት ነው።

ከዚህ አሠራር ሦስት ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛው ጥሩ ዜና ነው። ከጂፕሰም ክብደት አምስት አንድ እጅ ያህሉ በውስጡ የታሠረ ውኃ ስለሆነ፣ እሳት ሲነካው ውኃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ሙቀቱን ይይዛል። ለእንጨት ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ1898 ዓ.ም. እንደተሠራ የሚነገርለት የአዲስ አበባው እቴጌ ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 ዓ.ም. በእሳት ሲጎዳ የቆየ እንጨት ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚያያዝ ሁላችንም አይተናል። ሁለተኛው መጥፎ ነው፤ ተራው ቦርድ እርጥበት ሲያገኘው ይላላል፣ ያብጣል፣ ወረቀቱም ይሻግታል። አረንጓዴው ቦርድ እርጥበትን በተሻለ ይቋቋማል እንጂ ውኃ አይከለክልም። ሦስተኛውን ሻጮች አይነግሩንም። ወረቀት እንጨት ነው፤ ምስጥ የሚበላውም ይህንኑ ነው። ምስጥ በገባበት ግድግዳ ላይ የተመታ ቦርድ ለምስጥ ተጨማሪ ምግብ ይሆናል።

የጭቃ ግድግዳ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ክረምት እርጥበት ይስባል፣ በጋ መልሶ ይተፋል። ሲታመም ያስታውቃል፦ ምርጊቱ ይሰነጠቃል፣ ከሥሩ ይረግፋል፣ የምስጡ የአፈር መስመር ቋሚውን ይዞ ሲወጣ ይታያል። የቤቱ እመቤት ስትጠርግ ታየዋለች፤ በማግሥቱ ጭቃ ተቦክቶ ይመረጋል። በቦርድ የተሸፈነ ግድግዳ ግን ውስጡ እየበሰበሰ ፊቱ ነጭ ሆኖ ይኖራል። ባለቤቱ የሚሰማው ጣሪያው ሲዘም ወይም በሩ አልዘጋ ሲል ነው። በዕድሜ የገፉ ሰዎች የሚሉትም አለ፤ ድሮ ምድጃው ቤት ውስጥ በነበረ ጊዜ ጭሱና ጥቀርሻው እንጨቱን ከነቀዝ ይጠብቀው ነበር ይላሉ። ማዕድ ቤቱ ወደ ውጭ ሲወጣ የሰው ዓይንና ሳንባ ዳነ፤ እንጨቱ ግን ዘበኛውን አጣ።

ስለዚህ ለአክስቴ ልጅ የሰጠሁት የመጀመሪያ ምክር ቦርድ ከመግዛቱ በፊት ወስፌ እንዲይዝ ነው። የእናቱ ስፌት መስፊያ ይበቃል። በእያንዳንዱ ማዕዘንና በበሩ ግራና ቀኝ፣ ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ከጣውላው ወይም ከቺፑዱ አንዱን ነቅሎ ቋሚውን መውጋት ነው። ጤናማ ባሕር ዛፍ ወስፌውን ከጫፉ በላይ አያስገባም። እንደ ቂጣ ከተበሳ ቋሚው አልቋል። በተለይ ጣሪያው አጭር ክፍክፍ ባለው፣ አሸንዳ በሌለውና ዝናብ በሚመታው በኩል ያለው ግድግዳ ሳይፈተሽ መታለፍ የለበትም።

ቋሚው ካለቀ መፍትሔው በየመንደሩ የታወቀ ነው። ጣሪያው በባላ ይደገፋል፤ የበሰበሰው የቋሚ እግር ይቆረጣል፤ ከሥሩ የድንጋይ ወይም የኮንክሪት መቀመጫ ተሠርቶ አዲሱ እግር ከአፈር ሳይነካ ይቆማል። አዲስ ባሕር ዛፍ ከሆነ ልጡ ይላጥ፣ ይድረቅ። ብዙ ሰው የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይቀባል። ይህ ጸሐፊ ሰው በሚተኛበት ክፍል ውስጥ ይህን አይመክርም፤ ሽታው ለዓመታት አይለቅም፣ ለጤናም አይበጅም። ከዘይቱ ይልቅ ከቤቱ ዙሪያ የዝናብ ውኃ የሚሄድበት ቦይ ማውጣትና አሸንዳ መስቀል ይሻላል። እንጨት የሚበሰብሰው እርጥበቱ ከ20 በመቶ በላይ ሆኖ ሲቆይ ነው፤ የደረቀ እንጨት አይበሰብስም።

ጊዜውም ወሳኝ ነው። ክረምት የጠገበ የጭቃ ግድግዳ መስከረም ላይ ቢሸፈን ውኃው የትም አይሄድም። እስከ ኅዳር መጨረሻ መታገሥ ያስፈልጋል። ጥርጣሬ ያለው ሰው ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ፕላስቲክ ግድግዳው ላይ በአራቱም ጎን በፕላስተር አጣብቆ ሁለት ቀን ይተወው። ሲነሣ ከውስጥ በኩል ላብ ካለው ግድግዳው ገና ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የየግድግዳው ፋንታ ነው። ቺፑዱን በተመለከተ ብዙ የሚባል የለም። አንዴ ውኃ ጠጥቶ ያበጠ ቺፑድ አይመለስም፤ ከበስተጀርባውም አይጥና ትኋን ይኖራሉ። በላዩ ላይ ቦርድ መምታት ሁለት ወጪ ነውና ይነቀል።

የሳሎኑ ጣውላ ግን ሌላ ነው። «ምን እንጨት ነው?» ብዬ ስጠይቀው፣ «ያው ቡናማ ቀለም የተቀባ እንጨት ነው» አለኝ። አንዱን ነቅሎ ጀርባውን እንዲያይ ነገርኩት። ዋንዛ ነበር። አንባቢ እንደሚያውቀው ዋንዛ የበር፣ የወንበርና የከበሮ እንጨት ነው፤ ቀላል፣ ለመጥረብ የሚመች፣ እንደ ባሕር ዛፍ በቶሎ በምስጥ የማይደፈር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው አገር በቀል ዛፎች አንዱ ነው፤ ሌሎቹ ኮሶ፣ ዝግባና ጽድ ነበሩ። ዛሬ ሰፊ የዋንዛ ጣውላ በገበያ ማግኘት የሚያስቸግርና ውድ ነው። የአክስቴ ልጅ ሊሸፍነው ያሰበው ግድግዳ ከሚሸፍንበት ቦርድ የበለጠ ዋጋ ነበረው። ሚስማርና ብሎን በየ25 ሳንቲ ሜትሩ ከተመታበት በኋላ ደግሞ ነገ ሐሳቡን ቢለውጥ የሚያገኘው የተበሳሳ እንጨት ነው።

እንዲህ ያለ ጣውላ ያለው ሰው ያሮጌውን ቀለም አንሥቶ እንጨቱን ቢያወጣው ይሻለዋል። ሆኖም ያሮጌ የዘይት ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ አይገባም፤ በተለይ ሕፃናት ባሉበት ቤት። ውኃ እያረጠቡ መፋቅ፣ ፍቅፋቂውን በላስቲክ ሰብስቦ ማስወገድ ነው። ከዚያ ቫርኒሽ ወይም ለእንጨት የሚሸጠው የተልባ ዘይት ይቀባል። ዘይቱ የተቀባበት ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ጊዜ ሞቆ ሊቀጣጠል ስለሚችል ተዘርግቶ ውጭ ይድረቅ። ክፍሉ ጨለመ የሚል ሰው ከአራቱ ግድግዳዎች አንዱን ብቻ ጣውላ አድርጎ የቀሩትን ማንጣት ይችላል።

የወጥ ቤቱን ምርጊት እንዲተወው ነገርኩት። እንፋሎት ባለበት ክፍል ቦርድ አይመከርም። ብዙ ሰው በጭቃ ላይ ሲሚንቶ ይለስናል፤ ሲሚንቶው ከጭቃው ጋር አብሮ ስለማይላወስ ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁ የገባው ውኃም መውጫ ያጣል። ጭቃን የሚስማማው ጭቃና ኖራ ነው።

እንግዲህ ቦርድ የሚገባው ቺፑዱ በተነቀለባቸው የጓዳ ክፍሎች ነው። እዚህ ላይ አናጢዎች የሚያቋርጡት አንድ መንገድ አለ፤ ቦርዱን በቀጥታ በቋሚውና በማገሩ ላይ መምታት። ባሕር ዛፍ ቀጥ ያለ አይደለም፤ በጋና ክረምትም ይንቀሳቀሳል። ከዓመት በኋላ መጋጠሚያው ሁሉ ይሰነጠቃል። የሚሻለው ከአሮጌው ግድግዳ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ በቱንቢና በውኃ ልክ ተስተካክሎ የሚቆም የብረት ወይም የደረቀ ሞራሌ ፍሬም ነው። ቋሚዎቹ በየ60 ሳንቲ ሜትሩ ይቆሙ፤ የቦርዱ ጠርዝ ሁልጊዜ ቋሚ ላይ ይረፍ። ቦርዱ ወለሉን መንካት የለበትም፤ አንድ ጣት ያህል ክፍተት ተትቶ በዞኮሎ ይሸፈናል። ቤት በሚታጠብበት አገር ይህችን ክፍተት የረሳ ሰው በዓመቱ ቦርዱ ከሥር ሲፈረፈር ያያታል። መጋጠሚያው ላይ መረብ ፕላስተር ተለጥፎ ስቱኮ ይደረግበታል፤ አንድ ጊዜ ብቻ የተቀባ ስቱኮ መስመሩን አይደብቅም።

የኤሌክትሪክ መስመርን ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። በቆዩ ቤቶቻችን ሽቦው በግድግዳው ፊት በሚስማር ክሊፕ የተያዘ ነው። ሰው ቦርዱን ከላዩ መትቶ ሽቦውን ውስጥ ይተዋል። እህል ያለበት ቤት አይጥ አያጣውም፤ አይጥ የላጠው ሽቦ በደረቀ እንጨትና በቦርድ መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ ብልጭታ ቢፈጥር እሳቱ እንደ ጭስ ማውጫ ወደ ጣሪያ ይወጣል፤ ማንም አያየውም። ጂፕሰሙ እሳትን ይከላከላል የተባለውም ከፊት ለሚመጣ እሳት ነው። ስለዚህ ሽቦው ሁሉ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይግባ፣ ሶኬቱና ማብሪያው በሣጥን ወደ ፊት ይውጣ፣ ሽቦ ከሽቦ የሚጋጠምበት ቦታ ከቦርድ ጀርባ አይቅር። ቴሌቪዥን ወይም ቁም ሣጥን የሚሰቀልበት ቦታም አስቀድሞ ታውቆ ከጀርባው ጣውላ ይግባለት፤ ቦርዱ ብቻውን አይሸከምም።

አሁን ወደ ሙያዬ ልመለስ። የአክስቴ ባል ካረፉ ቆይተዋል፤ ቤቱ ግን ገና አልተከፋፈለም። የወራሾች የጋራ በሆነ ቤት ላይ አንዱ ወራሽ ገንዘቡን ሲያፈስ ሌሎቹ «ማን አድርግ አለህ?» የሚሉበት ቀን ይመጣል። የአክስቴ ልጅ አራት እኅትና ወንድሞች አሉት፤ አንዷ ውጭ አገር ናት። ምን እንደሚሠራ፣ ስንት እንደሚፈጅ፣ ሲከፋፈሉ ወጪው እንዴት እንደሚታሰብለት በአንድ ገጽ ጽፎ ሁሉንም እንዲያስፈርም መከርኩት። ቅር አለው። «በእኅቴ ላይ ወረቀት ላስፈርም?» አለ። ይህን ያልፈረሙ ወንድማማቾች ችሎት ፊት ስንት ዓመት እንደሚቆሙ ያየሁትን ነገርኩት።

ቤት ለመሸጥ ሲሉ ግድግዳ የሚያለብሱም አሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል። «እንዳለ ሸጫለሁ» የሚል የውል ቃልም ሻጩ ጉድለቱን እያወቀ በተንኰል በደበቀ ጊዜ አያድነውም። በምስጥ የተበላ ቋሚን በአዲስ ቦርድ ሸፍኖ የሸጠ ሰው እንዳላወቀ ሆኖ መከራከር ይከብደዋል፤ ቦርዱን የመታው አናጢ ምስክር ሊሆን ይችላልና። ገዢም ቢሆን ጉድለቱን እንዳገኘ ሳይዘገይ ለሻጩ ማስታወቅ አለበት። አሮጌ ቤት ውስጥ አዲስ የነጣ ግድግዳ ያየ ገዢ ከመፈረሙ በፊት ወስፌውን ይጠይቅ፤ እንቢ ከተባለ መልሱን አግኝቷል።

ተከራይ የሆነ ደግሞ ያለ አከራዩ ፈቃድ አይጀምር። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል፤ ስለ ግድግዳው የተስማሙት ነገር እዚያው ላይ ቢሰፍር አንድ መስመር ነው። ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ፤ ያለ ፈቃድ አንድ ጣውላ መንቀል አይቻልም። በአዲስ አበባ ከነእንጨት ሰገነታቸው የቀሩት አሮጌ ቤቶች ውስጣቸው በዝምታ በቦርድ ሲለበጥ ማየት የሚያሳዝነኝ በዚህ የተነሣ ነው።

የአክስቴ ልጅ በኅዳር መጨረሻ ግድግዳውን ከፈተ። ዝናብ በሚመታው በኩል ካሉት ሰባት ቋሚዎች አራቱ ከሥራቸው አልቀው ነበር፤ አንደኛው ወስፌውን እስከ እጀታው ዋጠው። ለሳሎኑ ቦርድ የያዘው ገንዘብ ለቋሚ፣ ለሲሚንቶና ለአሸንዳ ሄደ። በክልሉ ግጭት ከተነሣ ወዲህ መንገዱ ሲዘጋና ሲከፈት ስለሚቆይ ለጓዳው ያዘዘው ቦርድ ሦስት ሳምንት ዘግይቶ ደረሰ፤ ከዐሥራ ሁለቱ ሁለቱ ጭነት ላይ ተሰብረው ነበር። እኅትየው ከውጭ ፈርማ ላከች። ሠርጉ ሲደርስ አንዱ ጓዳ ቀለም አልተቀባም፤ በሩ ተዘግቶ መጋረጃ ተጣለበት። ሙሽሮቹ ፎቶ የተነሡት ሳሎን ውስጥ፣ በዋንዛው ፊት ነው።